የሸክላ ማጫወቻ ሕመምና የጥገናው ውሳኔ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው ስለ ታላቅ ፋብሪካ ወይም ወደ ጨረቃ ስለሚወጣ መንኰራኵር አይደለም። ከቤተ መጻሕፍታችን ዕቃ ቤት ስለ ወጡ ሁለት የተበላሹ መሣሪያዎች ነው፤ አንደኛው የሸክላ ማጫወቻ፥ ሁለተኛው የሲዲ ማጫወቻ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በየቤታችሁ የሚገኝ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም ዕቃ ሲበላሽ ሕመሙ እንዴት ይታወቃል? ሕመሙ ከታወቀስ በኋላ ይጠገን ወይስ ይጣል? የሚል ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ተጽፈው ነበር። ከእነርሱ ጋራ ግን አንድ የእንጨት ሣጥን አብሮ ተገኘ፤ በውስጡም የአንድ የቀድሞ ተማሪ ቤተ ሰቦች ለትምህርት ቤቱ የሰጡት 31 ሸክላ አለ። አብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ዓይነት ሲሆን፥ ጥቂቱ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ነው። ማጫወቻው ቢጣል ሣጥኑ ድዳ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ማጫወቻው ሳይመረመር ቢሠራ ደግሞ ሸክላዎቹ ይጎዳሉ። ስለዚህ የሳይንስ መምህራችን፥ «እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ መርምሩና፥ ይጠገን ወይም ይወገድ ብላችሁ ከነምክንያቱ በጽሑፍ አቅርቡ» ሲሉ አዘዙን።

ስለ ሸክላ ታሪክ ጥቂት ብንናገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ድምፅን በሲሊንደር ላይ ቀርጾ መልሶ ካሰማ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1887 ኤሚል በርሊነር ጠፍጣፋውን ክብ ሸክላ አወጣ። ከአገራችን ሰዎች ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ባለ 33⅓ው ረዥም ሸክላ በ1948፥ ባለ 45ቱ ደግሞ በ1949 በአሜሪካ ወጡ። በአዲስ አበባም አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርተው የዘመኑን ዘፋኞች ድምፅ በ45 ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሲዲ ከእነዚያ ዘፈኖች ብዙዎቹ ዳግም ታትመዋል፤ ሁሉም ግን አልታተሙም። እንግዲህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ሸክላ ሌላ ቦታ የማይገኝ ድምፅ ይዞ ሊሆን ይችላልና፥ በንቀት የሚታይ ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያው አሠራር እንለፍ። በሸክላው ፊት ላይ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ ረዥም ቦይ አለ። መርፌው በዚህ ቦይ ውስጥ ሲሄድ የቦዩ ግድግዳ ግራና ቀኝ፥ ላይና ታች ያንቀጠቅጠዋል። በእኛ መሣሪያ የመርፌው ጭራ ትንሽ ማግኔት ይዟል፤ ማግኔቱም በቀጭን ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀጠቀጥ የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ የሚሆን ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ደካማ ኤሌክትሪክ በክንዱ ውስጥ ባሉት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አልፎ ወደ ድምፅ ማጉያው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በስፒከር ይሰማል። ሸክላው የተቀመጠበትን ሳሕን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩንና ሳሕኑን የሚያገናኘውም በፑሌጃው ላይ የተጠመጠመ የላስቲክ ቺንጊያ ነው። እንግዲህ ማዞር፥ መንካት፥ ማስተላለፍና ማጉላት አራት ሥራዎች ናቸው። ሕመሙም ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ ወይም ከአንድ በሚበልጡት ውስጥ መሆን አለበት።

ምርመራውን ከመጀመራችን በፊት ሦስት ሕጎች አወጣን። አንደኛው፥ ስፒናው ከሶኬት ሳይነቀል ክዳን አይከፈትም፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ መምህር በሌሉበት እጅ አይገባም። በግድግዳችን ያለው 220 ቮልት ተማሪና መምህር አይለይምና ይህን ሕግ ከሁሉ አስቀደምነው። ሁለተኛው፥ በመዝገባችን አስቀድሞ የሚጻፈው የታየውና የተሰማው ምልክት ብቻ ነው፤ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ መጻፍ የተከለከለ ሲሆን፥ «ሳሕኑ በዝግታ ይዞራል» ብሎ መጻፍ ግን ይፈቀዳል። ሦስተኛው፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ሁለት ነገር በአንድነት ለውጠን መሣሪያው ቢድን፥ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አናውቅምና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለጠጋኝም የተነገረ ይመስለናል።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት የሸክላ ማጫወቻውን በአንድ በተቧጨረና ዋጋ በሌለው ትልቅ ሸክላ ሞከርነው። ከሣጥኑ ውስጥ አንድም ሸክላ አላወጣንም፤ ያልተመረመረ መርፌ በጥሩ ሸክላ ላይ ማሳረፍ ያልታወቀ መድኃኒት ለጤነኛ ሰው እንደ መስጠት ነውና። ከዚያም ሦስት ምልክቶች መዘገብን። ዘፈኑ ይጎተታል፤ ከሁለቱ ስፒከሮች የቀኙ ዝም ብሏል፤ ከግራው ስፒከርም ከዘፈኑ ሥር «እም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል።

በመጀመሪያ ስለ መጎተቱ እንናገር። ከክበባችን አባሎች አንዲቱ ክራር ትመታለች። ያው ዘፈን በስልኳ ስለ ነበራት ክራሯን ከስልኩ ጋራ አስማምታ ከሸክላው ጋራ ብትሞክረው ሸክላው በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጆሮ ጥሩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ቁጥር ሲጨመርበት ይጸናል። በደቂቃ 33⅓ ዙር ማለት በሦስት ደቂቃ ልክ 100 ዙር ማለት ነው። ስለዚህ በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈን፥ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ ሦስት ደቂቃ ቈጠርን፤ 94 ዙር ሆነ። ደግመን ደጋግመን ብንቈጥር ከ94 ብዙ አልራቀም። ድምፅ በግማሽ ዝቅ እንዲል ፍጥነቱ ከመቶ 5.6 ያህል መቀነስ አለበት፤ 94 ዙር ማለት ደግሞ ከመቶ 6 ጎደለ ማለት ነው። እንግዲህ የክራሯ ምስክርነትና የሰዓቱ ምስክርነት ተስማሙ።

ይህ 94 የሚለው ቁጥር ሌላም ነገር አስተማረን። አንዳንዶቻችን፥ «መሣሪያው ከአሜሪካ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ ከእኛ ይለያል» ብለን ነበር። እውነት ነው፤ በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በአገራችን 50 ጊዜ ይመላለሳል። ፍጥነቱን ከዚህ ምልልስ የሚወስድ ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ቢሠራ ፍጥነቱ በስድስት እጅ አንዱ ይቀንሳል፤ በሦስት ደቂቃም 100 በመዞር ፈንታ 83 ብቻ ይዞራል። የእኛ ግን 94 ስለ ሆነ ይህ ምክንያት ወደቀ። ከዘመድ በስጦታ የመጣ ማጫወቻ በቤታችሁ ቢጎተት ግን ቈጥሩት፤ 83 ከሆነ ሕመሙ መበላሸት ሳይሆን አገር መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ለ50 የተሠራ ፑሌጃ ይፈለግለታል፤ ቮልቱም አስቀድሞ መታየት አለበት።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ሦስት ሆኑ፤ የሳሕኑ ዘንግ ደርቆ ይሆን? ሞተሩ ደክሞ ይሆን? ወይስ ቺንጊያው ላልቶ ይሆን? ቺንጊያውን አውጥተን ሳሕኑን በእጃችን ገፋ ብናደርገው ያለ ድምፅ ለረዥም ጊዜ ዞሮ ቀስ በቀስ ቆመ፤ ዘንጉ ደኅና ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲሠራ ሳይንተፋተፍ ዞረ። ቺንጊያው ግን በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደ ክር ተዝለገለገ፤ ፊቱም እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በአልኮል ጠርገን ብንመልሰው ቁጥሩ 97 ደረሰ፤ በሳምንቱ ወደ 94 ተመለሰ። መጥረጉ ፍጥነቱን ከለወጠ፥ ለውጡም ካልጸና፥ ጥፋቱ የቺንጊያው መሆኑ ተረጋገጠ። እዚህ ላይ ተስፋ የቆረጡትን አንድ ቃል እንበላቸው፤ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያድን መድኃኒት ከንቱ አይደለም፤ ሕመሙ የት እንዳለ ጠቁሞ ያልፋልና።

ሁለተኛው ምልክት የቀኙ ስፒከር ዝምታ ነው። ብዙ ሰው ስፒከር ዝም ሲል ስፒከር ይገዛል፤ ይህ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እኛ ከማጫወቻው ወደ ድምፅ ማጉያው የሚገቡትን ሁለት ገመዶች አቀያየርን፤ ቀኙን በግራ፥ ግራውን በቀኝ ሰካን። ያን ጊዜ ዝምታው ወደ ግራው ስፒከር ተሻገረ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ስፒከሮቹና ድምፅ ማጉያው ጤነኞች ናቸው፤ ዝምታው የሚመጣው ከማጫወቻው ነው። በቴስተር የገመዱን መስመር ብንለካ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ወደ ክንዱ ራስ ስንደርስ መርፌውን በያዘው ካርትሪጅ ጀርባ አራት ጥቃቅን መያዣዎች አሉ፤ ነጭና ሰማያዊ ለግራ፥ ቀይና አረንጓዴ ለቀኝ። ከእነዚህም ቀይዋ ላልታና ጠቁራ ነበር። በፒንሳ ቀስ ብለን አውጥተን፥ ጠርገን፥ ጥቂት አጥብበን ብንመልሳት ቀኙ ስፒከር ተናገረ። ለዚህ ጥገና ያወጣነው ገንዘብ ምንም የለም።

ሦስተኛው ምልክት «እም» የሚለው ድምፅ ነው። የካርትሪጁ ኤሌክትሪክ ደካማ ስለ ሆነ፥ በዙሪያው ያለው የግድግዳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይገባበታል። ይህን ለመከላከል ከማጫወቻው ጀርባ አንዲት ቀጭን ሽቦ ወጥታ ከድምፅ ማጉያው የግራውንድ ብሎን ጋራ ትታሰራለች። የእኛ ሽቦ ተበጥሳ ከጠረጴዛው ጀርባ ተንጠልጥላ ነበር። በስታኞ ቀጥለን በብሎኑ ሥር ብናስራት «እም» የሚለው ድምፅ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፥ «እንግዲህ ተናግሯል፤ ቺንጊያ ብቻ ገዝተን ሣጥኑን እንክፈት» አሉ። ይህ ንግግራችን በተለይ ሊያስረዳ የሚወደው ግን የሚከተለውን ነው። መሣሪያ ድምፅ ሰጠ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። የመርፌው ጫፍ ከአልማዝ የተሠራ ሲሆን ጥቂት መቶ ሰዓት ካገለገለ በኋላ ይበላል። ጫፉ ክብ መሆኑ ይቀርና ጎንና ጎኑ ይነጠፋል፤ የተነጠፈውም ጠርዝ እንደ መሮ ሆኖ የቦዩን ግድግዳ ይቆርጣል። ዘፈኑም «ስ» እና «ሽ» በሚሉት ፊደሎች ላይ መጀመሪያ ይሻክራል። የተበላ መርፌ ይለወጣል፤ የተቆረጠ ቦይ ግን ለዘላለም አይመለስም። ስለዚህ መርፌውን በሥነ ሕይወት ክፍል ማይክሮስኮፕ ተመለከትነው፤ በሁለቱም ጎን የተነጠፈ አንጸባራቂ ፊት ታየ። ማጫወቻው ቢናገርም መርፌው የሸክላው ጠላት እንደ ሆነ በዓይናችን አየን።

አሁን ደግሞ ወደ ሲዲ ማጫወቻው እንመለስ። ሲዲ በሶኒና በፊሊፕስ አማካይነት በ1982 ለገበያ የቀረበ ሲሆን መርፌ የለውም። በፊቱ ላይ ያለው የጥቃቅን ጉድጓድ መስመር ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል፤ በአንዱና በሁለተኛው መስመር መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ 1.6 ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያነበው ዓይን የማያየው የሌዘር ብርሃን ነው፤ ስለዚህም አደገኛ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ወደ ሌንሱ ማየትን ፈጽመን ከልክለናል። ሳሕኑም በመሐል ሲያነብ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል፥ ወደ ዳር ሲደርስ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል።

የዚህ መሣሪያ ምልክት አንድ ብቻ ነበር፤ ሲዲ ሲገባለት «ሲዲ የለም» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ጥፋቱ የሲዲው እንዳይሆን አምስት ሲዲዎች ሞከርን፤ በፋብሪካ የታተመም፥ በኮምፒዩተር የተቀዳም አልተነበበም። እነዚያው ሲዲዎች በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ ሁሉም ሠሩ። ሌንሱን በንጹሕ ጥጥና በጥቂት አልኮል ጠረግነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የፋብሪካውን ሲዲ አንብቦ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ እየዘለለ ቆመ። ደርቆ የነበረውን የሌንሱን መሄጃ ግራሶ አውጥተን አዲስ ቀባን፤ ለውጥ አልመጣም። በዚህ ጊዜ ሁለት ተጠርጣሪዎች ቀሩ፤ ወይ ሌዘሩ አርጅቶ ብርሃኑ ደክሟል፥ ወይም ሌዘሩን የሚመራው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ታሟል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ በእርግጥ ለማወቅ አዲስ የሌዘር ክፍል ገዝቶ መሞከር ያስፈልጋል። ይህም ማለት ለመድኃኒቱ ሳይሆን ለምርመራው ብቻ የመድኃኒቱን ዋጋ መክፈል ነው።

በዚህ ጊዜ ክበባችን ስለ ውሳኔው ሁለት ስብሰባ አደረገ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። አንደኛው ወገን፥ «ሁለቱም አሮጌ ናቸው፤ አንድ አዲስ ርካሽ ማጫወቻ ይገዛ» አለ። ሁለተኛው ወገን፥ «አሮጌ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሁለቱም ይጠገኑ» አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ፥ «ዘመኑ የስልክ ነው፤ ሁለቱም ይወገዱ፤ ገንዘቡ ለመጽሐፍ ይዋል» አለ። ሦስቱም ወገኖች በጭብጨባ የተደገፉ ነበሩ፤ ነገር ግን በጭብጨባ የተፈወሰ መሣሪያ የለም። ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ በሰው ላይ ከመከራከር ተመልሰን ለእያንዳንዱ መሣሪያ አራት ጥያቄዎች አቀረብን።

አንደኛ፥ ሕመሙን ዐውቀነዋል ወይስ ገምተነዋል? የሸክላ ማጫወቻውን ሕመሞች አንድ በአንድ አረጋግጠናል። የሲዲውን ግን ከሁለት አንዱ ነው ከማለት አላለፍንም። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከዕቃው ዋጋ ጋራ የመሳሳቱንም ዋጋ መቈጠር አለበት።

ሁለተኛ፥ መለወጫው ይገኛል ወይ? ቺንጊያ የላስቲክ ቀለበት ነው፤ የሚዞርበትን መንገድ በክር ለክቶ ከዚያ በጥቂቱ የሚያጥር መግዛት ይቻላል። መርፌውም በካርትሪጁ ቁጥር ተፈልጎ ይገኛል። የሲዲ ማጫወቻው የሌዘር ክፍል ግን መሥራት ያቆመ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ከሌላ አሮጌ መሣሪያ የወጣ ቢገኝ እንኳ ምን ያህል እንደ ቀረለት አይታወቅም።

ሦስተኛ፥ መሣሪያው ሌላ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል ወይ? ሲዲዎቻችን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ይሰማሉ፤ ስለዚህ በማጫወቻው ሞት አንድም ዘፈን አይሞትም። 31ዱን ሸክላ ግን ከዚህ ማጫወቻ በቀር የሚያናግራቸው በትምህርት ቤታችን የለም።

አራተኛ፥ የተጠገነው መሣሪያ የሚጫወትበትን ሸክላ ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል? አዲስ ርካሽ ማጫወቻ የሚለው ሐሳብ የወደቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ከርካሾቹ ብዙዎቹ የመርፌውን ክብደት ማስተካከያ የላቸውም። የእኛ አሮጌ ክንድ ግን ከበስተጀርባው የሚጠመዘዝ ሚዛን ስላለው፥ የካርትሪጁ ሠሪ ባዘዘው ግራም ልክ ማስተካከል ይቻላል።

በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ውሳኔው ራሱ ወጣ ማለት ይቻላል። ይበልጥ አሮጌ የሆነው ይጠገን፤ አዲስ የሆነው ይወገድ አልን። ይህን ስንሰማ ራሳችንም ተደነቅን፤ ምክንያቱም ሁላችን ዕድሜ ፈራጅ ይመስለን ነበር። ፈራጁ ግን ዕድሜ ሳይሆን የሕመሙ መታወቅ፥ የመለወጫው መገኘትና የአገልግሎቱ አስፈላጊነት ነው።

ጽሑፋችንን ለዲሬክተራችን ካቀረብን በኋላ ፈቃድ ተሰጠን። የቺንጊያው ዋጋ ከክበባችን የአንድ ወር መዋጮ ያነሰ ነበር። መርፌው ግን ከሁሉ የከበደ ወጪ ሆነ፤ ግማሹን የወላጆች ኮሚቴ ሲከፍልልን፥ መርፌውን በዋሽንግተን የሚኖሩ የአንዲት ተማሪ አክስት ገዝተው በመንገደኛ ላኩልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዲሱ ቺንጊያና አዲሱ መርፌ ከገቡ በኋላ ሦስት ደቂቃ ብንቈጥር ሳሕኑ 100 ዞረ፤ የጓደኛችንም ክራር ከሸክላው ጋራ ተስማማ።

የሣጥኑ ሸክላዎች በንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፥ መሐል ያለው የወረቀት ምልክት ሳይነካ ታጥበዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ አጫውተን ድምፁን ለቤተ መጻሕፍታችን በኮምፒዩተር ቀርጸናል፤ ተማሪው በየቀኑ የሚሰማው ይህን ቅጂ ነው። ሸክላው ራሱ የሚወጣው እንደ ዛሬ ባለ በዓል ብቻ ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያም በክዳኑ ላይ ለጥፈናል፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ ሰፊ ቦይ ስላለው በዚህ መርፌ አይሞከርም።

የሲዲ ማጫወቻውንም በቁጣ አልጣልነውም። ሞተሮቹን፥ ትራንስፎርመሩንና የሳሕኑን ጥርሶች አውጥተን ለፊዚክስ ክፍል ሰጥተናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚጀምሩ ታናናሾቻችን እየፈቱ ይማሩበታል። መጠገን የማይገባውን ዕቃ ዐውቆ መተውም የጠጋኝ ዕውቀት ክፍል ነው።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ ሬዲዮ፥ ምጣድ ወይም ማጫወቻ ቢበላሽ ልጆቻችሁ ለመንካት ሲጓጉ ታያላችሁ። በደፈናው «አትንኩ» ከማለት፥ «መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ፤ ያያችሁትን ጻፉ፤ ለሚያውቅም ሰው አሳዩ» ብላችሁ ብታዟቸው ዕቃውም ይጠበቃል፥ ልጁም ይማራል። ወደ ጠጋኝ ስትወስዱትም ምልክቱን በትክክል ብትነግሩት ሥራው ይቀልለታል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።

እናንተም ጓደኞቻችን፤ የምርመራ ሥርዓት ለመሣሪያ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በሒሳብ የምንወድቅ ከሆነ «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት ምልክት ሳይሆን ፍርድ ነው። የት ላይ እንደ ተሳትን፥ ማካፈሉ ይሁን ማባዛቱ፥ ጥያቄውን ማንበቡ ይሁን መቸኮሉ፥ አንድ በአንድ ብንለይ ምናልባት የላላችው አንዲት ቀይ ሽቦ ብቻ ሆና ትገኛለች። ሳንመረምር ራሳችንን ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አንጻፍ።

በመጨረሻ፥ ከንግግራችን ቀጥሎ ከሣጥኑ የተመረጡ ሦስት ሸክላዎች በዚህ አዳራሽ እንደሚሰሙ በደስታ እናስታውቃለን። ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!